ድንጋይ ያነሣ ሁሉ ወርቅ ፈላጊ አይደለም

በማደሪያም ሆነ በሻይ ክበብ ስለ አገራችን የተፈጥሮ ሀብት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ንግግር አለ። «ፈረንጆቹ እኮ ድሮ መጥተው ሁሉን ነገር አጥንተው ጨርሰዋል። ጉና ሥር ምን እንዳለ ያውቁታል። ካርታው እነሱ ዘንድ ነው፤ ለኛ አያሳዩንም» ይባላል። አንዱ ወርቅ ነው ሲል ሌላው ዩራኒየም ያደርገዋል። ሻዩ ሳያልቅ ጉና ተራራ ከነቁልፉ የተሰወረ ባንክ ሆኖ ያርፋል።

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ነገር ግን እኛ ነገ በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴና በእብናት ቀበሌዎች የምንበተን መምህራን ነን። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከአጥር ሥር ያነሣውን ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጥቶ «መምህር፣ ይኸ ምንድን ነው?» ቢል «ፈረንጆች ያውቁታል» ብለን ልንመልስለት ነውን? እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ጥናቱ ተካሂዷል፤ እውነት ነው። የተካሄደው ግን በአብዛኛው ለወርቅ ሳይሆን ለውኃ ነበር። ውጤቱም ታትሞ ለመንግሥታችን ተሰጥቷል። የተደበቀብን ነገር ከምንለው ይልቅ ያላነበብነው ይበዛል። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያላልኩት ዓመት ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።)

ከጥንቱ ልጀምር፤ ነገሩ ከኛው ከጋፋት ጋር ይነካካልና። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ፤ መንገዱ በጂጣና በበሽሎ ገደል ላይ እየተቆረጠ ነበር የሚሄደው። በዚያው ዓመት ከሰሜን በኩል ከናፒር ጦር ጋር አንድ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ሰው መጣ። ሥራው በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ነበር፤ መሣሪያውም መዶሻና ማስታወሻ ደብተር። የንጉሡ ሠራዊት ያንን ገደል ድንጋይ እየፈለጠ መንገድ ሲያወጣበት፣ ያ ሰው ደግሞ የደጋውን ድንጋይ ንብርብር ከላይ እስከ ታች እየቆጠረ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንዱ ንብርብር የአሸንጌን፣ ለሌላው የመቅደላን ስም ሰጠ። እነዚህ ሁለት ስሞች ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ሲሠራባቸው ኖረዋል። መቅደላ በታሪክ ትምህርት ብቻ የምናውቀው ስም እንዳይመስለን።

ብላንፎርድ የመጣው ከወራሪ ጦር ጋር ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ከሱ በኋላ የመጡትም እያንዳንዳቸው የላካቸው ጥቅም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 እና 21 የሱዳን መንግሥት ጂኦሎጂስት ግራብሃም ጣናን ሊያጠና የመጣው እንግሊዞች በገዚራ ለሚያለሙት ጥጥ ውኃ ሲያስቡ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የኒውዮርኩ ጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ በጣና አፍ ላይ ስለሚሠራ ግድብ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ጣሊያናዊው ጂኦሎጂስት ዳይኔሊ በወረራው ዘመን የጥናት ጓድ እየመራ ጣና ደረሰ። እንግዲህ «ለራሳቸው ጥቅም ነው የመጡት» የሚለው ወንድማችን አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ የጻፉት አይመለከተንም» ሲል ነው። ድንጋዩ እኮ የኛ ነው። ማንም ይለካው፣ ልኬቱ ትክክል ከሆነ የኛን መሬት ነው የሚናገረው።

ትልቁ ጥናት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በነሐሴ ወር 1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ለማጥናት ተስማሙ። በአሜሪካ በኩል ሥራውን የያዘው «ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን» የሚባለው የግድብና የመስኖ መሥሪያ ቤት ሲሆን ከኛ በኩል የመንግሥት የውኃ ሀብት ክፍል ነበር። ለምን በዚያን ጊዜ? ከአንድ ዓመት በፊት አሜሪካ ለግብፅ የአስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ከልክላለች፤ ግብፅም ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞራለች። የአሜሪካ ልብ ወደ ላይኛው ዓባይ የዞረው ለኛ ብቻ ብሎ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ችግር ግን እውነተኛ ነበር። ጥናቱ ገና በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለሁለት ተከፋፈሉት፤ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን። ኢትዮጵያ አልተጠራችም። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከመቶ ከ80 እጅ በላይ የሚሆነው ከኛ ደጋ ወርዶ ሳለ! በዚያ ክርክር ላይ «ውኃው የኛ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ስንት ነው? በየትኛው ወር? የት ሊቆም ይችላል? ሲባል በቁጥር መመለስ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ደግሞ አልነበረም።

ስለዚህ ሰዎቹ ያጠኑት ምን ነበር? ሰው የጂኦሎጂ ጥናት ሲባል ሁሌ ማዕድን ብቻ ይመስለዋል። ግድብ ሊሠራ ሲታሰብ ጂኦሎጂስቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከወንዙ አሸዋና ኮረት ሥር ጠንካራው ድንጋይ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? ድንጋዩ ስንጥቅ አለው ወይ፤ ካለው ውኃ ያሳልፋል ወይ? በሁለቱ ላቫ መካከል የተቀበረ አሮጌ አፈር ካለ ግድቡ ሲጫነው አይንሸራተትም ወይ? ለግድቡ የሚሆን ሸክላ አፈር በቅርብ አለ ወይ? መሬቱን በመሰርሰሪያ ይበሱና እንደ ሸንኮራ አገዳ ያለ ረጅም የድንጋይ ዘንግ ያወጣሉ፤ እሱን በቅደም ተከተል በሣጥን አሰልፈው ያነቡታል። ከሩቅ ላየ ሰው በርግጥም የሆነ ውድ ነገር ተቆፍሮ በሣጥን የሚጫን ይመስላል። የወርቁ ወሬ ከዚህ ሳይወለድ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ጂኦሎጂስቱ አይደለም፤ የወንዝ ከፍታ አንባቢው ነው።

የዚህ ጥናት አንዱ ፍሬ በየወንዙ የተተከሉት የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ናቸው። ከጉና ሥር ተነሥተው ጣና የሚገቡት ጉማራና ርብ እ.ኤ.አ. ከ1959 ገደማ ጀምሮ ይለካሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። በወንዙ ዳር እንደ ትልቅ ማስመሪያ ያለ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው ይቀጠርና ጠዋትና ማታ ሄዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በመዝገብ ይጽፋል። ባለሙያዎች ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ እየመጡ የውኃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ይለካሉ፤ ከዚያ በኋላ «ቁጥሩ ይህን ያህል ሲሆን በሴኮንድ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ያልፋል» የሚል ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። እንግዲህ የዓባይ ጥናት የሚባለው ያ ሁሉ ትልቅ መጽሐፍ የቆመው በአንድ ጋቢ ለባሽ የጉማራ ሰው መዝገብ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ ወንዙ ግንድ ተሸክሞ ሲያጓራ፣ እሱ ወጥቶ ያነባል። ድርቅ በሆነ ዓመትም እንዲሁ ወርዶ ያነባል። አንድ ቀን የተዘለለ ቁጥር በኋላ በገንዘብ አይገዛም።

ከዚህ ላይ መምህር የሚሆን ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ሰው ቁጥር ማንበብና መጻፍ ነበረበት። በዚያን ዘመን በፎገራና በፋርጣ ገጠር ስንት ሰው ይችል ነበር? ከቄስ ትምህርት ቤትም ይሁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር ቁጥር አስቆጥሮታል። የዚያ መምህር ስም በየትኛውም ሪፖርት ሽፋን ላይ የለም፤ የአንባቢውም የለም። በቅሎ የሳቡ፣ ገደሉን እየመሩ ያወረዱ፣ «ይኸኛው ምንጭ በበጋ አይደርቅም» እያሉ የጠቆሙ ባላገሮችም እንዲሁ። ስለዚህ «ፈረንጅ አጥንቶ ሄደ» የሚለው አነጋገር ሙሉ አይደለም። አብረን አጥንተናል። የረሳነው እኛ ነን።

ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ። ዋናው መጽሐፍ ስለ ጂኦሎጂ፣ ስለ ውኃ መጠን፣ ስለ አፈር ዓይነት፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል አባሪዎች አሉት። 33 የመስኖና የኀይል ማመንጫ ሥራዎችን፣ 434,000 ሄክታር ያህል በመስኖ ሊለማ የሚችል መሬትንም ይዘረዝራል። በዋናው ዓባይ ላይ አራት ግድቦች ታስበው ነበር፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለው «ቦርደር»። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚያው በአራተኛው ቦታ አካባቢ ነው። በእርግጥ የተሠራው አሜሪካኖቹ ከሣሉት እጅግ ይበልጣል፤ ቁመቱ 145 ሜትር፣ የሚይዘው ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። ካርታው ተደብቆ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ማን ይደርስ ነበር?

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ ርብን እናገኛለን። በጥናቱ ውስጥ የርብና የጉማራ መስኖ ተጠቅሷል። በርብ ላይ 73 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ መሠራት የጀመረው ግን በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቆየ። በዚህ ማንን እንደምወቅስ ጦርነቱና ድህነቱ ብዙውን ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ግድቡ የተነደፈው በእነዚያ የዓመታት የወንዝ መዝገቦች መሠረትነት መሆኑን አንርሳ። አንድ መሐንዲስ የጎርፍ ማስተንፈሻው ምን ያህል ይስፋ ብሎ ሲያሰላ የሚጠይቀው «ይህ ወንዝ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሞላው መቼ ነበር፣ ስንትስ ደረሰ?» ብሎ ነው። መልሱ ያለው ከአንባቢው መዝገብ ነው።

አሮጌ ጥናት አሮጌ ጤፍ አይደለም፤ ሲቆይ ዋጋው የሚጨምርበት ጊዜ አለ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ደጋችን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። ያኔ ፎቶግራፉን ያነሡት ሰዎች ስለ ደን መጥፋት ብለው አልነበረም። ይሁን እንጂ ጌቴ ዘለቀና ሁርኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በጎጃም ደምበጫ አካባቢ ያንን ፎቶ ከኋለኞቹ ጋር አስተያይተው የተፈጥሮው ደን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ ከመቶ 27 እጅ ይሸፍን እንደነበረ፣ በ1995 ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ 0.3 ብቻ እንደቀረ አሳዩ። ሽማግሌዎች «ድሮ እዚህ ጫካ ነበር» ሲሉ እንሰማለን፤ አንዳንዶቻችንም የሽማግሌ ወግ ነው ብለን እናልፈዋለን። ፎቶው ሽማግሌዎቹን አስመሰከረ።

አሁን ወደዚያ ልጅ ድንጋይ ልመለስ። መማሪያ መጻሕፍት ድንጋይ በሦስት ይከፈላል ይላሉ፤ ከእሳተ ገሞራ ወይም ከቀለጠ ዐለት የሆነ፣ ከደለል የሆነ፣ በሙቀትና በጫና የተለወጠ። እኛም እነዚህን ሦስቱን በቃላችን ይዘን ፈተና እናልፋለን። ይሁንና በደብረ ታቦር ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ብትዞሩ የምታገኙት ከሞላ ጎደል የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እምነ በረድና ግራናይት በሥዕል እያሳየን፣ ልጁ የተቀመጠበትን ጥቁር ድንጋይ ስሙን ሳንነግረው እንዘልለዋለን። የኖራ ድንጋዩንና አሸዋ ድንጋዩን ማየት የሚፈልግ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገር የዓባይን በረሃ ይመልከት፤ እኛ የምንኖርበት ጥቁር ድንጋይ ከላይ እንደ ክዳን ተደፍቶባቸው ከሥር ተደርድረዋል። ክዳኑ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጭልጋ በኩል በዚያ ዘመን ንብርብሮች መካከል የድንጋይ ከሰልና ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት የሆነ የዝሆን ዘመዶች አጥንት ተገኝቷል። ጉና ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው፤ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣ የጠፋ እሳተ ገሞራ። ተማሪው በመስኮት የሚያየው ተራራ እሳተ ገሞራ እንደነበረ ሳያውቅ የጣሊያንን ቬሱቪየስ ያጠናል! ይህ አያስቅም?

እነዚህን ነገሮች ለማወቅ የተደበቀ ካርታ አያስፈልግም። ፖል ሞር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለ የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ አውጥቷል። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1973 ካዝሚን ያዘጋጀው የመላ አገሪቱ የጂኦሎጂ ካርታ ታተመ፤ በ1996 ደግሞ መንገሻ ተፈራና የሥራ ባልደረቦቹ አሻሽለው አወጡት። ችግሩ ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆኑና ከአዲስ አበባ ወዲህ አለመውረዱ ነው። ወደ አማርኛና ወደ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ቋንቋ የሚያወርደው ከመምህር በቀር ማን አለ?

«እኛ ጂኦሎጂስት አይደለንም፤ ሥርዓተ ትምህርት አለ፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ሰባ ልጅ አለ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መምህሮቻችንም ቢሆኑ ክፍለ ጊዜው አይበቃም ሊሉ ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አልጠየቅሁም። ስለ ድንጋይ የሚያስተምር ሰው ከመጽሐፉ በፊት አምስት ድንጋይ ከደጅ ያንሣ ነው የምለው። መንገድ የተቆረጠበትን ቦታ ሁሉ፣ የድንጋይ ካባውን ሁሉ ተመልከቱ፤ በሁለት ጥቁር ንብርብር መካከል ቀይ መስመር ካያችሁ እሱ አንዱ ላቫ ከፈሰሰ በኋላ አፈር ሆኖ፣ ሁለተኛው ላቫ መጥቶ የጠበሰው ነው። እንደ ምሰሶ የቆመ ባለ ስድስት ማዕዘን ድንጋይ ካያችሁ ሰው አልጠረበውም፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ነው። ቀይ አፈሩ፣ የፎገራው ዋልካ፣ በክረምት ርብን የሚያደፈርሰው ጭቃ፣ ሁሉም የዚያው ድንጋይ ልጆች ናቸው።

ጋፋት ላይ ብዙ ጊዜ ንግግር ሲደረግ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜ የምናነሣው መድፉን ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው። ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ከነጓደኞቻቸው እዚያ ሲሠሩ አብረዋቸው የደከሙ ያገራችን ሰዎች ነበሩ። ምድጃው እንዴት እንደተሠራ፣ ሸክላው ከየት እንደመጣ፣ የቱ እንደፈነዳና የቱ እንደያዘ ከነሱ አንዱ በደብተር ጽፎ ለልጁ አቆይቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሚያዝያ 1860 ላይ ከንጉሡ ጋር አያበቃም ነበር። ጉማራ ላይ ያ የወንዝ አንባቢ ያደረገው ጋፋት ላይ ያልተደረገውን ነው።

ለወሬ ብቻ እንዳይሆን ሦስት ሆነን አንድ ነገር ጀምረናል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አፉን በትክክል ቆርጠን፣ ከሥሩ እስከ አፉ ወርዱ እኩል መሆኑን አይተን፣ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ዛፍ በሌለበት ቦታ በእንጨት ላይ አስረነዋል። ውኃውን በማስመሪያ መለካት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ሜትር ካሬ መሬት ላይ አንድ ሊትር ዘነበ ማለት ነው። በየቀኑ ጠዋት በ1 ሰዓት ይነበባል፤ ባይዘንብም ዜሮ ይጻፋል። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተንጠልጥሏል። የተራ ዝርዝሩ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተለጥፏል፤ ሐሙስና እሑድ ገና ሰው አልተገኘላቸውም።